ለመከራየት አዎ፣ ለመግዛት እንጃ፦ በሮዳንቲ የባሕር ዳርቻ ያሳለፍነው ሳምንት

ያከራየን ድርጅት ከሜይ ጀምሮ ኢሜይል ይልክልኛል። «ቆይታችሁ እንዴት ነበር? ኮከብ ስጡን» ይላል። ስድስት ጊዜ ዝም አልኩት። ምን ብዬ ልጻፍ? ቤቱን ወድጄዋለሁ። እናቴም ወዳዋለች፤ ከአንዲት ሌሊት በስተቀር። ግን «አምስት ኮከብ፣ ግሩም ቤት» ብዬ ማለፍ አቃተኝ።

ከዚያ ሴፕቴምበር 30፣ 2025 መጣ። አሜሪካ፣ ሰሜን ካሮላይና ውስጥ በክስተን በምትባል መንደር አምስት ቤቶች ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ባሕር ውስጥ ገቡ። ሁለት አውሎ ነፋሶች ነበሩ፣ ሁምቤርቶና ኢሜልዳ። የብሱን እንኳ አልረገጡም፤ ከሩቅ ነው ያለፉት። የላኩት ሞገድ በቃ። ደግነቱ ቤቶቹ ውስጥ ሰው አልነበረም። ባለቤቴ ቪዲዮውን ሥራ ቦታ ላከችልኝ። ከሥሩ «የኛ ነው እንዴ?» ብላ ጽፋለች። የኛ አልነበረም። እኛ የተከራየነው በዚያው ደሴት ወደ ሰሜን፣ ሮዳንቲ ነው።

በል እንግዲህ ጻፍ አልኩ ለራሴ። ይኸው። የድርጅቱንም የቤቱንም ስም አልጠራም፤ እዚያ ሰፈር ያለው ነገር የአንድ ድርጅት ጥፋት አይደለም። ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምቆጥረው፤ የአገር ቤቱን ስጠቅስ እናገራለሁ።

ማን እንደሆንኩ ልንገራችሁ፣ ግምገማው ላይ ለውጥ ያመጣልና። አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ በአንድ ትልቅ አፓርታማ ሕንጻ የጥገና ሠራተኛ ነኝ። ቧንቧ፣ ማሞቂያ፣ የሚያፈስ ጣራ፣ ሁሉም የኔ ነው። ሰው ቤት ስገባ መጀመሪያ የማየው ሶፋውን አይደለም፤ ከሲንኩ ሥር ነው። ባለቤቴ በዚህ ታፍራለች።

አውተር ባንክስ የሚባለው ከሰሜን ካሮላይና ጠረፍ ፊት ለፊት የተዘረጋ ቀጭን የአሸዋ ደሴቶች ሰንሰለት ነው። በአንድ በኩል አትላንቲክ፣ በሌላ በኩል ፓምሊኮ የሚባል ሰፊ የውስጥ ባሕር። አንዳንድ ቦታ ላይ መሃል ላይ ቆመህ ሁለቱንም ውሃ ታያለህ። አብዛኛው ዳርቻ የብሔራዊ ፓርክ ነው፤ ሮዳንቲን የመሳሰሉ መንደሮች በመካከሉ ጣል ጣል ብለው ተቀምጠዋል።

ቅዳሜ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሳን። አሥራ አንድ ሰው፣ ሁለት መኪና፣ ስልሳ እንጀራ። እናቴ ከአዲስ አበባ ከመጣች ሦስተኛ ወሯ ነበር። የባለቤቴ ወንድም ከነቤተሰቡ አብሮን ነው። ኡበር ይነዳል፣ ሁለት ታውን ሃውስ አለው፣ ሦስተኛውን ይፈልጋል። ይህ አማቼ ኋላ ላይ ስለሚያስፈልገን እዚህ አስተዋውቄዋለሁ። ሃምፕተን ሮድስ ዋሻው ጋ የተለመደው መጨናነቅ አለ፤ አንድ ሰዓት በላን። ከዚያ በኋላ መንገዱ ደስ ይላል።

ሮዳንቲ የምትገባው በድልድይ ነው። ድልድዩ የብሱን ትቶ በውስጠኛው ባሕር ላይ እንደ ጆግ እጀታ ተጠምዝዞ ይሄድና መንደሩ ላይ ይጥልሃል። ርዝመቱ 2.4 ማይል ነው። በ2022 የተከፈተ፣ 145 ሚሊዮን ዶላር የፈጀ። ልጆቹ «ዋው» አሉ። እኔ ለምን እንደተሠራ ያወቅሁት ማታ ነው። የድሮውን መንገድ ባሕሩ እየበላ፣ አሸዋ እየደፋበት፣ እየቆረጠው አስቸግሮ ነበር። ስለዚህ መንገዱን አሸሹት።

ቤቱ ጋ ስንደርስ እናቴ ከመኪናው ወርዳ ቀና ብላ አየችው።

«አንተ ልጅ፣ ይሄ ማማ ነው እንጂ ቤት ነው?»

እውነቷን ነው። ልክ እንደ ማሽላ ጠባቂ ማማ በረጃጅም የእንጨት ቋሚዎች ላይ የተቀመጠ ነው። ከሳምንቱ በኋላም ስሙ ማማ ሆኖ ቀረ። አምስት መኝታ፣ ሦስት መታጠቢያ፣ ሁለት በረንዳ። ሜይ ገና የበጋው ወቅት ስላልደረሰ ለሳምንቱ ከግብሩና ከጽዳቱ ጋር 2,350 ዶላር ከፈልን። ለአሥራ አንድ ሰው ሲካፈል ርካሽ ነው። አንሶላና ፎጣ ግን ይዛችሁ ሂዱ። ይህን ኪራዩ ላይ ጽፈውታል፤ እኛ አላነበብነውም፤ የመጀመሪያውን ሌሊት ነጠላ ለብሰን አደርን።

ወጥ ቤቱ አንደኛ ነው። ስድስት ምድጃ፣ ሁለት ፍሪጅ። ዶሮ ወጥ የሚችል ድስት አይኖርም ብዬ ሰግቼ ነበር። ከቁምሳጥኑ ሥር ሸርጣን የሚቀቅሉበት እንስራ የሚያህል ድስት አገኘን። ባለቤቴ ሽንኩርቱን እዚያ ውስጥ ስታቁላላ ሽታው ጎረቤት ደረሰ። በዓለ ሃምሳ ስለነበር ረቡዕም ዓርብም የሚከለክለን አልነበረም። እናቴ «ጾም ሳይኖር እዚህ መምጣታችን ጥሩ ነው፣ ዓሣው እያየኝ ሽሮ አልበላም» አለች።

አንድ ምክር፦ ዕጣን ካጨሳችሁ በረንዳ ላይ አጭሱ። የጭስ ማስጠንቀቂያው አፍንጫው ስስ ነው። እሑድ ጠዋት ቡናው ሁለተኛው ላይ ሲደርስ ጮኸ፣ ልጆቹ ጮኹ፣ እናቴ ረከቦቱን ትታ ተነሳች። ከዚያ በኋላ ቡና በረንዳ ላይ፣ ባሕሩን እያየን ሆነ። ይህችን በረንዳ በገንዘብ አልተምናትም። ጠዋት ዶልፊኖች ከሞገዱ ጀርባ ተሰልፈው ያልፋሉ። እናቴ ሕይወቷን ሙሉ ባሕር ያየችው አንድ ጊዜ፣ ልጅ ሆና ምፅዋ ነው። ጀበናውን ይዛ ዝም ብላ ታያለች። አምስት ኮከብ ማለት ይህ ነው።

አሁን ወደ ቅሬታው።

ድርጅቱ ድረ ገጹ ላይ ያስቀመጠው ፎቶ ላይ ከቤቱ ፊት ሰፊ አሸዋ አለ። ከዚያ ሣር የበቀለበት የአሸዋ ክምር፣ በላዩ የእንጨት መተላለፊያ፣ ከዚያ ወዲያ ባሕሩ። እኛ ስንደርስ ክምሩም ሣሩም መተላለፊያውም የሉም። የበረንዳው ደረጃ የታችኛው ጫፍ አየር ላይ ተንጠልጥሏል፤ አዲስ ጣውላ ቀጥለው አሸዋው ላይ አድርሰውታል። ባሕሩ ሲሞላ ውሃው ከቤቱ ሥር ገብቶ በማዶ ይወጣል። ደውዬ ጠየቅሁ። ስልክ ያነሳችው ልጅ ትሁት ናት፤ «ፎቶዎቻችንን በየጊዜው እናድሳለን» አለችኝ። መቼ እንደሆነ አልነገረችኝም።

እንደ ልማዴ ቤቱ ሥር ገባሁ። ቋሚዎቹ ላይ የቀለም መስመር አለ፤ ከመስመሩ በላይ ያለው እንጨት አርጅቶ ግራጫ ሆኗል፣ ከበታቹ ያለው ገና ፈዛዛ ቢጫ ነው። ያ መስመር ድሮ አሸዋው የነበረበት ቦታ ነው። ከወገቤ በላይ ነው። የውሃ ቧንቧው መሬት ውስጥ መሆን ሲገባው በፕላስቲክ ማሰሪያ ከወለሉ ሥር ታስሮ ተንጠልጥሏል። የፍሳሽ ታንኩ ክዳን አሸዋ ላይ ወጥቷል። ይህ ቀልድ አይደለም። ታንኩ ከተሰበረ ካውንቲው ቤቱን ሰው እንዳይገባበት ያሽገዋል፤ የሰፈሩ ሰው ስለ ሞገድ ከሚያወራው ይልቅ ስለ ታንክ ያወራል። ብሎኖቹ ዝገዋል፤ አንዱን በጣቴ ሳሻው ልጣጩ እጄ ላይ ቀረ። እኔ የምሠራበት ሕንጻ ውስጥ እንዲህ ዓይነት ብሎን ባገኝ ያን ቀን ቤቴ አልገባም።

ልጆች ካሏችሁ ደግሞ ጫማ። በባዶ እግር አሸዋ ላይ መሮጥ ነው የመጣንበት፣ አውቃለሁ። ግን በሮዳንቲ ከ2020 እስከ 2024 መጨረሻ 11 ቤቶች ባሕር ውስጥ ወድቀዋል። ቤት ሲወድቅ ሚስማሩ የት ይሄዳል? አሸዋው ውስጥ ነው። ትንሿ ልጄ ሰኞ ዕለት አንድ ሚስማርና የበር እጀታ ይዛ መጣች። የበር እጀታው አሁን ቤታችን መስኮት ላይ ተቀምጧል።

ማክሰኞ ሌሊት ነፋሱ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ዞረ። ማዕበል አይባልም፣ ዜና ላይም አልወጣም። ተራ ነፋስ ነው። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ ብርጭቆዎቹ ቁምሳጥን ውስጥ እርስ በርስ ሲነካኩ ነቃሁ። ሞገዱ ቋሚዎቹን ሲመታ ቤቱ ይርዳል፤ አልጋው ላይ ሆነህ በጀርባህ ይሰማሃል። ሳሎን ስወጣ እናቴ ለብሳ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ፓስፖርቷን የያዘ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ በሩ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ውዳሴ ማርያም እየደገመች ነው።

«እማዬ፣ ተኚ እንጂ።»

«አንተ ተኛ። አንድ ሰው መንቃት አለበት። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ሲባል አልሰማህም?»

አልተኛሁም። አጠገቧ ቁጭ ብዬ ስልኬን ከፈትኩ። ሮዳንቲ ላይ ዳርቻው በዓመት ከ10 እስከ 15 ጫማ ወደ ኋላ እንደሚሸሽ ያነበብኩት ያን ጊዜ ነው። እነዚህ የአሸዋ ደሴቶች ድሮም ይንቀሳቀሳሉ። አውሎ ነፋስ አሸዋውን ከፊት ወደ ኋላ ይጥለዋል፤ ደሴቱ እየተንከባለለ ወደ የብሱ ይጠጋል። ተፈጥሮው ነው። ቤትና መንገድ ስትተክልበት ግን መንከባለሉ «ጉዳት» ይባላል። በዚህ ላይ የባሕሩ ከፍታ መጨመር መጣ። የአሜሪካ መንግሥት ሳይንቲስቶች በ2022 ባወጡት ግምት የአገሪቱ ጠረፍ ላይ በ2050 ባሕሩ ከ2020 ደረጃው በአማካይ ከ10 እስከ 12 ኢንች ከፍ ይላል። አንድ ጫማ ማለት ነው። እንደ ጠረጴዛ ለጥ ባለ አሸዋ ላይ አንድ ጫማ ከፍታ ብዙ መሬት ይወስዳል።

በነገራችን ላይ ሰሜን ካሮላይና ውስጥ ይህ ቁጥር ራሱ ጠብ አስነስቷል። በ2010 የግዛቲቱ የሳይንስ ቡድን እስከ 2100 አንድ ሜትር ያህል ሊጨምር ይችላል አለ። የመሬት አልሚዎች ተቆጡ። በ2012 ምክር ቤቱ እንዲህ ያለው ትንበያ ለተወሰኑ ዓመታት ለደንብ ማውጫ እንዳይውል ሕግ አወጣ። ይህን ለእናቴ ሳነብላት «የሐኪም ወረቀት እንደመቅደድ ነው» ብላ ድግሟን ቀጠለች።

ረቡዕ ነፋሱ ተወ። አማቼ ሌሊቱን ሙሉ አንኮራፍቶ ነበር፤ ጠዋት በረንዳ ላይ ሲወጣ ከጎናችን ያለው ቤት ላይ የ«ይሸጣል» ምልክት አየ። ስልኩን አወጣ። 389 ሺህ ዶላር። ፊቱ በራ።

«ይሄ እኮ አሌክሳንድሪያ አንድ የኮንዶ ዋጋ ነው! ባሕር ዳር! በበጋ በሳምንት አራት ሺህ ቢከራይ…»

ደላላው ከሰዓት በኋላ መጣ። ስሙን አልናገርም እንጂ ጨዋ ሰው ነው፤ የጠየቅነውን ሁሉ መለሰ። ችግሩ እኛ የምንጠይቀውን አለማወቃችን ነው። ከጁላይ 2024 ጀምሮ የዚህ ግዛት ቤት ሻጭ ቤቱ ጎርፍ ገብቶት እንደሆነ፣ የመድን ካሳ ጠይቆ እንደሆነ በቅጽ መመለስ አለበት። ቅጹን አሳየን። «ባንክ ያበድራል?» አለ አማቼ። ደላላው ፈገግ አለና «ካሽ ቢሆን ይሻላል» አለ። እኔ ያኔ ነው ጆሮዬ የቆመው። ባንክ ሠላሳ ዓመት የማይጠብቀውን ቤት አንተ ለምን ትጠብቃለህ?

ከዚያ የልኬት ፕላኑን ዘረጋልን። በኛ ቋንቋ ካርታውን። ከቤቱ ፊት ሌላ ረድፍ ቦታና መንገድ ይታያል። ቀና ብዬ አየሁ። ውሃ ነው።

«የዚህ ቦታ ወሰን የት ላይ ነው?» አልኩት።

በጣቱ ሞገዱን አሳየኝ። «ወረቀቱ ላይ እዚያ ድረስ ነው።»

«እውነት ላይስ?»

እውነቱ እንዲህ ነው። በሰሜን ካሮላይና ሕግ የግል መሬት የሚያበቃው የባሕሩ ሙላት በአማካይ የሚደርስበት መስመር ላይ ነው። ከዚያ በታች ያለው የሕዝብ ነው፤ መንግሥት በአደራ ይይዘዋል። መስመሩ ደግሞ ቋሚ ድንጋይ የለውም። ባሕሩ ቀስ እያለ ሲገባ መስመሩም አብሮ ይገባል። ትላንት ግብር የከፈልክበት ግቢ ዛሬ የሕዝብ ይሆናል። ካሳ የለም። አዋጅ የለም። ደብዳቤ እንኳ አይመጣልህም። ከመስመሩ በላይ ያለው ደረቅ አሸዋ ላይም ቢሆን ሕዝቡ የመመላለስ የቆየ መብት አለው፤ «ግቢዬ ነው» ብለህ አጥር አታጥርም።

እናቴ «ምን አለ?» አለችኝ። ተረጎምኩላት።

ስለ እናቴ አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ። አባቷ ጉለሌ ሦስት ቤት ነበራቸው። በ1967 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ታወጀ፤ ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ ተባለ። ሁለቱ ሄዱ። አሁን ያለው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል፤ የከተማ ቦታ በሊዝ ነው፣ ለመኖሪያ 99 ዓመት። እኔ ደግሞ አሜሪካ ከገባሁ ጀምሮ በስልክ ስፎክርባት ነው የኖርኩት። «እማዬ፣ እዚህ እኮ ቤቱም ያንተ፣ መሬቱም ያንተ፣ እስከ ልጅ ልጅ ነው።»

ደላላውን ከላይ እስከ ታች አየችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«በል እንግዲህ! እዚህም መሬቱ የመንግሥት ነው በለኛ!»

«አይደለም እማዬ፣ ባሕሩ ነው እንጂ…»

«የኛን በሬዲዮ ነገሩን። አባዬ ሬዲዮኑን ዘግተው እንባቸው መጣ። እነዚህን ማን ይነግራቸዋል?»

መልስ አልነበረኝም። አማቼ ግን ተስፋ አይቆርጥም።

«ግንብ እንሠራለን! ድንጋይ እንደረድራለን!»

ደላላው ራሱን ነቀነቀ። ሰሜን ካሮላይና ውቅያኖሱ ዳርቻ ላይ የመከላከያ ግንብ አትፈቅድም። ደንቡ ከ1985 ጀምሮ ነው፤ በ2003 ምክር ቤቱ ሕግ አደረገው። ለጊዜው የአሸዋ ከረጢት ይፈቀዳል፣ ያም በልክ ነው። አማቼ ይህን እንደ ግፍ አየው። «በገዛ ንብረቴ?» አለ። እኔ በዚህ ከሕጉ ጋር ነኝ፣ አልደብቅም። ግንብ ስትሠራ ሞገዱ ግንቡን መትቶ ሲመለስ ከፊቱ ያለውን አሸዋ ይዞ ይሄዳል። ቤትህ ይተርፋል፣ ዳርቻው ይጠፋል፣ ከግንቡ ጫፍ ያለው ጎረቤትህ ደግሞ ይብስበታል። እኛ በነጻ የተጫወትንበት አሸዋ ያለው ያ ክልከላ ስላለ ነው።

«ይውደቅ እንበል» አለ አማቼ። «መሬቱ ላይ መልሼ እሠራለሁ።»

ይህም አይሆንም። በ1974 የወጣው የጠረፍ አስተዳደር ሕግ ደንቦች አዲስ ቤት ዳርቻው ላይ ሣሩ ከሚጀምርበት መስመር ስንት ጫማ መራቅ እንዳለበት ይወስናሉ። ለትናንሽ ቤቶች ስሌቱ የዓመቱ የመሸርሸር መጠን ሲባዛ በ30 ነው። ዳርቻው በዓመት በ12 ጫማ ይሸሻል እንበል፤ 360 ጫማ ማለት ነው። የአማቼ የሚሆነው ቦታ ከጫፍ ጫፍ ያን አይሞላም። ናፕኪን ላይ ጽፌ ሰጠሁት፤ ኪሱ ውስጥ ከተተው።

ማታ ላይ ነገሩ ከነከነኝና ሌላ ታሪክ አነበብኩ። ጎረቤት ግዛት ደቡብ ካሮላይና ውስጥ ሉካስ የሚባል ሰው በ1986 ባሕር ዳር ሁለት ባዶ ቦታ በ975 ሺህ ዶላር ገዛ። በ1988 ግዛቲቱ ዳርቻውን ለመጠበቅ ሕግ አወጣች፤ እዚያ ቤት መሥራት ተከለከለ። ከሰሰ። ጉዳዩ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1992 ተፈረደለት፤ ሕግ የንብረትህን ዋጋ በሙሉ ካጠፋ መንግሥት ካሳ ይክፈል የሚል ነው ጭብጡ። ግዛቲቱ ተስማምታ ቦታዎቹን ገዛችው። ከዚያስ? ወጪዋን ለመመለስ ቤት ለሚሠራ ሰው መልሳ ሸጠቻቸው። ይህን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ። እንግዲህ ሕግ ከወሰደብህ ካሳ አለ፤ ባሕር ከወሰደብህ የለም። አሁን ታዲያ ባሕሩን ያስነሳው የሰው ሥራ ቢሆንስ ብለህ ብትጠይቅ የምትከሰው ሰው አታገኝም።

መድኑን ሳልነግራችሁ። የፌዴራሉ የጎርፍ መድን በ1968 የተጀመረ ነው። ለአንድ መኖሪያ ቤት ቢበዛ 250 ሺህ፣ ለዕቃ 100 ሺህ ዶላር ይከፍላል። ለሁለተኛ ቤት ዓረቦኑ በዓመት እስከ 25 በመቶ ሊጨምር ይችላል። ትልቁ ጉድ ግን ይህ ነው፦ ቤትህ ሳይወድቅ ቀድመህ ላፍርሰው ወይም ላንሳው ብትል አይከፍልህም። ሲወድቅ ነው የሚከፍልህ። ባለቤቶቹ ለምን ቁጭ ብለው እንደሚጠብቁ አሁን ገባኝ። ክፋት አይደለም፤ ሒሳቡ ነው። ከ1987 እስከ 1990ዎቹ አጋማሽ ቀድሞ ለማፍረስና ለማንሳት የሚከፍል ደንብ ነበር፤ ሰረዙት። በ2023 የፓርኩ አስተዳደር ሮዳንቲ ላይ ሁለት ቤት ገዝቶ ራሱ አፈረሰ። በአንድ ሰሞን ሁለት ማፍረስ ጥሩ ነው፤ ሰፈሩ ውስጥ የቀሩትን ግን በረንዳችን ላይ ሆነን እንቆጥራቸው ነበር።

ሐሙስ ወደ በክስተን ወርደን የኬፕ ሃተራስን መብራት ቤት፣ ለመርከብ የሚያበራውን ረጅም ግንብ፣ አየን። ያኔ እድሳት ላይ ስለነበር መውጣት አይቻልም ነበር፤ ከታች ሆኖ ማየትም ግን ይበቃል። በ1870 ሲሠራ ከባሕሩ 1,500 ጫማ ይርቅ ነበር። ባሕሩ እየቀረበ መጥቶ 120 ጫማ ያህል ሲቀረው፣ በ1999 እንዳለ አንስተው በሐዲድ ላይ 2,900 ጫማ ወደ ውስጥ ወሰዱት። 23 ቀን ፈጀ። እናቴ ይህን ማመን አልቻለችም። የድሮውን ቦታና አዲሱን ደጋግማ አየች።

«ይሄን ግንብ ተሸክመው? ታዲያ ያችን የኛን ማማ ምን ከበዳቸው?»

ገንዘብ ነው እማዬ። መብራት ቤቱ የሁሉም ነው። ማማው የአንድ ሰው ነው። ገንዘቡ ያለው ያነሳል፤ በሮዳንቲ ፊልም የተቀረጸበት አንድ ቤት በ2010 ተነስቶ ሌላ ቦታ ተተክሏል። የሌለው ደግሞ በየሳምንቱ ለኛ ዓይነቱ ያከራያል። የኛ ባለቤት ማን እንደሆነ አላውቅም። ማቀዝቀዣው ላይ ግን በእጅ የተጻፈ ወረቀት ለጥፏል፦ «ነፋሱ ከሰሜን ምሥራቅ ከሆነ መኪናችሁን ወደ ጎዳናው አውጡ።» አርብ ነው ያየሁት። ከልጆች ሥዕል ሥር ተሸፍኖ ነበር።

አሁን ኮከቡ። ወጥ ቤት፣ አምስት። በረንዳ፣ አምስት። አልጋ፣ አራት፤ ፍራሹ ጥሩ ነው፣ የሚነቃነቀው ሌላ ነገር ነው። ጽዳት፣ አራት። የውሃ ግፊት፣ ሦስት፤ የሁለተኛ ፎቅ ሻወር ላይ ያለውን ማጣሪያ ራሴ ፈትቼ አሸዋውን አራገፍኩት፣ ከዚያ ተሻለ። የድርጅቱ እውነተኝነት፣ አንድ። ያን ፎቶ ያንሱት። ሰው በሩ ላይ ደርሶ ሳይሆን ካርዱን ከመሙላቱ በፊት ይወቅ። «ውሃ ከቤቱ ሥር ያልፋል» ብለው ቢጽፉ እኔ ያኔም እከራየው ነበር። እናቴን ግን አስፈቅድ ነበር።

ለሚሄድ፦ ዕጣን ውጪ፣ ጫማ በእግር፣ አንሶላ ከቤት፣ የሙላቱን ሰዓት ከስልክ። ትልቅ ድስት አትሸከሙ።

አማቼ አልገዛም። ናፕኪኑን መኪናው ውስጥ አይቼዋለሁ፣ አልጣለውም። ባለፈው ሳምንት ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ሊንክ ላከልኝ። ያው ቤት ነው። 329 ሺህ ገብቷል። ፎቶው አልተቀየረም፤ ሣሩም መተላለፊያውም አለ። ለእናቴ አሳየኋት። መነጽሯን አድርጋ ብዙ ካየችው በኋላ «ይሄ እኛ ያላደርንበት ነው» አለችና ስልኩን መለሰችልኝ።